ባለ ሦስት እርከን ሽንሽን ጉርድ ከሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ፦ ደሴ ላይ ቤት ውስጥ የተሰፋ አንድ ጉርድ

ሽንሽን ጉርድ ቤት ውስጥ መስፋት ከባድ ነው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው የስፌት መኪናውን ነው። መኪናዬ አሮጌ ነው፣ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የሚዘመዝም መኪና) የለኝም፣ መብራት ይጠፋል ይላል። እኔ ግን በዚያ የተነሳ የተበላሸ ጉርድ አላየሁም። ያየሁት የተበላሸ ሽንሽን ሁሉ የተበላሸው መቀስ ሳይነሳ በፊት ነው። ወይ ጨርቁ ሳይለካ ተቆርጧል፣ ወይ ሽንሽኑ የማይፈለግበት ቦታ ላይ ተከምሯል። ሽንሽን ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ደግሞ የአራተኛ ክፍል ነው፣ ማባዛትና መቀነስ ብቻ።

ለዚህ ነው ይኼን ጉዳይ ከነቁጥሩ ልጽፈው የፈለግሁት። ሰፈራችን ውስጥ የሆነ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ነበርኩ። ባለጉዳዮቹን እናትና ልጅ ብዬ ልለፋቸው።

ጨርቁና ሰዎቹ

ቦታው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እናት ልብስ ሰፊ አይደለችም። መጋረጃ ትሰፋለች፣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች፣ የልጆቿ ዩኒፎርም ሲያጥር ታስረዝማለች፣ ከዚያ አያልፍም። መኪናዋ ከቤተሰብ የወረሰቻት፣ በእግር የምትረገጥ የቻይና ሥሪት ናት። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የምታውቀው። ዚግዛግ የላትም። መብራት ሲጠፋ ግን ሥራ አታቆምም፣ ይኼ እኛ ጋ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጅ ለአረፋ ሽንሽን ጉርድ አማራት። ቲክቶክ ላይ አይታ ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል። አጎቷ ደግሞ ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ ስለነበር ጨርቅ ገዝቶ ላከላት። ብርቱካናማ ሆኖ ነጫጭ አበባ የተበተነበት የጥጥ ፖፕሊን ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ከ16 ሳንቲም፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል። "ለአንድ ቀሚስ ይበቃል ብለውኛል" አለ በስልክ። ማን እንዳለው እንጃ።

እናት ጨርቁን ይዛ ወደ ሰፊ ሄደች። ሰፊው ዘርግቶ አየውና "ለሽንሽን አራት ሜትር ይዘሽ ነይ፣ እሱም ቢሆን ከአረፋ በኋላ ነው የሚደርስልሽ" አላት። በዓል ሲቃረብ ሰፊ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሰውየው አልፈርድም። አራት ሜትር ያለው ቀልቡ ነግሮት አይደለም። ሽንሽን ሲሰፋ እያንዳንዱን እርከን በእጥፍ ማስፋት የለመደ ሰው ነው፣ ደንበኛ ልኩ ሲሳሳት መመለሻ ትርፍም ይፈልጋል። ችግሩ ያው ጨርቅ ባቲ ነው የተገዛው፣ ደሴ ብትን ጨርቅ ቤቶች ተዙሮ ተመሳሳዩ አልተገኘም።

ስለዚህ ጥያቄው ይኼ ሆነ፦ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ባለ ሦስት እርከን ሽንሽን ጉርድ ይወጣል ወይስ አይወጣም?

መጀመሪያ ውሃ

እናት ሒሳብ ከመጀመሯ በፊት ጨርቁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ልጅ ተቆጣች። "አዲስ ጨርቅ ምኑ ይታጠባል እማ? ሳይለበስ ያረጃል!"

ጥጥ ይገባል። ፋብሪካ ላይ ተወጥሮ የወጣ ጨርቅ የመጀመሪያውን ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል፣ በተለይ በርዝመቱ። ከ3 እስከ 5 በመቶ መግባት ለጥጥ ፖፕሊን ብርቅ አይደለም። ጥላ ላይ ደርቆ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ተተኩሶ ሲለካ ሁለት ሜትር ከ41 ሳንቲም ሆነ። ወርዱም አንድ ሳንቲም ቀንሶ 1.15 ላይ ቆመ። 9 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ሳይታጠብ ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጉርድ ከመጀመሪያ እጥበቱ በኋላ በቁመቱ ከ3 ሳንቲም በላይ ያጥር ነበር። ለአረፋ ቁርጭምጭሚት፣ ለሚቀጥለው በዓል ከቁርጭምጭሚት በላይ። ፖሊስተር ቢሆን ይኼ ሁሉ አያስፈልግም፣ እሱ እዚህ ግባ የሚባል አይገባም።

ወረቀት ላይ

ልኩ ይኼ ነው፦ ወገብ 70፣ ዳሌ 96፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት 95 ሳንቲም። ቁመቱ የተለካው ጫማ አድርጋ ነው። ባዶ እግር ለክቶ በኋላ ተረከዝ ያለው ጫማ የሚያደርግ ሰው ለምን እንዳጠረበት ይገርመዋል።

ልጅ የፈለገችው ከወገቡ ጀምሮ ንፍት የሚል ነው። እናት የፈራችው ደግሞ እሱኑ ነው። "ወገብሽ ላይ ጎማ ያጠለቅሽ ነው የምትመስይው" አለቻት። ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ይቻላል። ሽንሽን ያምራል፣ ግን የሚያምረው ሲወዛወዝ ነው፣ የሚወዛወዘው ደግሞ ታች ነው። ዳሌ ላይ የተከመረ ሽንሽን የትም አይሄድም፣ እዚያው ተቀምጦ ያወፍራል።

እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይኼን ነው፣ እሷም የተስማማችበት፦ ከላይ ወደ መሐል ስትወርዱ ጨርቁን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉት፣ ከመሐል ወደ ታች ግን ሙሉ እጥፍ። የጨርቁ ብዛት ወደሚታይበት ይሂድ።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ላይኛው እርከን ላይ የጨርቁ ሙሉ ወርድ፣ 115 ሳንቲም፣ እንዳለ ተወሰደ። ለአንድ ስፌት በሁለቱም በኩል 1.5፣ በድምሩ 3 ሳንቲም ሲቀነስ 112 ይቀራል። ዳሌዋ 96 ስለሆነ ያለ ዚፕ ይገባል፣ 16 ሳንቲም ይተርፋል። ወገብ ላይ ይኼ 112 በላስቲክ ይሰበሰባል። መሐለኛው የ112 አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ 168። አንድ ሙሉ ወርድና አንድ 59 ሳንቲም ቁራጭ ሲቀጠሉ 174፣ ሁለት ስፌት 6 ሲበላ ልክ 168። ታችኛው የ168 እጥፍ፣ 336። ሦስት ሙሉ ወርድ 345 ይሆናል፣ ሦስት ስፌት 9 ሲበላ 336። እንዲህ ሳይተርፍ ሳይጎድል መምጣቱ ዕድል ነው፣ ሁልጊዜ አይገጥምም። ሳይገጥም ሲቀር እርከኑን በጥቂት ሳንቲም ማጥበብ ነው እንጂ ለ5 ሳንቲም ብሎ አዲስ ቁራጭ መቀጠል ሞኝነት ነው።

ቁመቱ ደግሞ 95ቱን 25፣ 30፣ 40 ብላ ከፈለችው። እርከኖች እኩል ከሆኑ ሰውን አጭር ያስመስላሉ፣ ወደ ታች እየረዘሙ ሲሄዱ ዓይን አብሮ ይወርዳል። ላይኛው ላይ ለላስቲኩ ቤት 5፣ ለስፌት 1.5 ሲጨመር 31.5። መሐለኛው ከላይም ከታችም ስፌት ስላለው 33። ታችኛው ለስፌት 1.5፣ ለጠርዝ እጥፋት 2.5 ተጨምሮ 44።

ድምሩ? 31.5፣ ሁለት ጊዜ 33፣ ሦስት ጊዜ 44። 229 ሳንቲም ከግማሽ። በእጅ ያለው 241። አስራ አንድ ሳንቲም ከግማሽ ተረፈ።

ሰፊው በለመደው መንገድ ሁሉም እርከን በእጥፍ ቢሄድ መሐለኛው 224፣ ታችኛው 448 ይሆን ነበር። ታችኛው አራት ወርድ ይበላል፣ ድምሩም 273.5። ያን ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል በቂ አይደለም፣ እሱም ልክ ነበር። ወርዱ 1.50 የሆነ ጨርቅ ቢሆን ደግሞ ይኼ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም። ብትን ጨርቅ ስትገዙ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቁት ወርዱን ይሁን። ብዙ ሰው ሜትሩን ብቻ ቆጥሮ ይወጣል።

መቅደድ

ፖፕሊን ይቀደዳል፣ ቀጥ ብሎ። ጫፉ ላይ በመቀስ ትንሽ ነክቶ በሁለት እጅ ሳብ ሲያደርጉት ክሩን ተከትሎ እስከ ዳር ይሄዳል። እናት እንዲህ አደረገች፣ ልጅ እያንዳንዱ "ጭርርር" ባለ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። የተቀደደው ጫፍ ጥቂት ይጨማደዳል፣ ግን ስፌት ውስጥ ስለሚገባ አይታይም። በመቀስ ከሚቆረጥ ይልቅ ይኼ ቀጥ ይላል፣ በተለይ ወለል ላይ ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው። ሳቲንና ክሬፕ ግን እንዲህ አይሞከርም፣ ክሩን ይጎትተዋል።

አበባው አናትና እግር ካለው ቁራጮቹ እንዳይገለበጡ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ምልክት ይደረጋል። የሳሙና ስባሪ ይበቃል። የእሷ አበባ በየአቅጣጫው የተበተነ ስለነበር ከዚህ ዳነች።

ከመሐለኛው ሁለተኛ ወርድ 59ኙ ሲወሰድ 33 በ56 የሚሆን ቁራጭ ተረፈ። እሱ ኪስ ሆነ። ላይኛው እርከን ስፌቱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስፌቱን ወደ ቀኝ ጎን አዙራ እዚያ ላይ አንድ ኪስ አስገባች። ስልክ ይይዛል። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የወደደችው ኪሱን ነው።

የኮምቦልቻዋ ጎረቤት

ግቢው ውስጥ አንዲት ተከራይ አለች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራ ነበር። ፓርኩ ሐምሌ 2009 የተመረቀው ነው፣ በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ሥራ ሲቆም እሷም ወደ ደሴ ወጣች። የፋብሪካ ሠራተኛ ሙሉ ልብስ አይሰፋም፣ አንዱ ኪስ፣ አንዱ ኮሌታ ነው ቀኑን ሙሉ። ታዲያ ይቺ ልጅ ሙሉ ጉርድ ሰፍታ አታውቅም፣ ግን ሁለት ነገር ታውቃለች፤ ምልክት ማድረግንና ቅደም ተከተልን።

"እትዬ፣ ጠርዙን አሁን እጠፊው" አለች። እናት ግራ ገባት። ጠርዝ የመጨረሻ ሥራ ነው ብላ ነው የምታውቀው። "ኋላ ሁሉም ከተገጣጠመ ሦስት ሜትር ከምናምን ጠርዝ ከነሽንሽኑ መኪና ላይ ስታዞሪ ትውያለሽ። አሁን ዝርግ ነው፣ ሩጪበት። ቁመቱ ቢዛነፍ ከወገብ ታስተካክይዋለሽ። አብሽሪ።"

ትክክል ናት። ሦስቱ ቁራጮች ተቀጥለው ክብ ከሆኑ በኋላ ጠርዙ አንድ ሳንቲም፣ ከዚያ አንድ ተኩል ታጥፎ ተሰፋ። ጉርዱ ገና ጉርድ ሳይሆን ጠርዙ አለቀ።

ሁለተኛው ምክሯ ስምንት ቦታ መክፈል ነው። ታችኛው ክብ 336 ነው፣ ስምንት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ 42። መሐለኛው 168፣ ስምንተኛው 21። ሁለቱም ላይ በሳሙና ምልክት፣ ምልክት በምልክት በስፒል ማያያዝ። ከዚያ በኋላ ሥራው 42ን ወደ 21 ማሳጠር ነው፣ ስምንት ጊዜ። ሳይከፍሉ ዝም ብለው ክሩን የሚስቡ ሰዎች ሽንሽኑ አንድ ጎን ተከምሮ ሌላው ጎን ሜዳ ይሆንባቸዋል፣ ከዚያ ክሩን ወደኋላ እየገፉ ሲያስተካክሉ ክር ይበጠሳል።

ክሩ ተበጠሰ

መሐለኛው ያለ ችግር ተሸነሸነ። የመኪናዋን ስፌት ወደ ትልቁ ቁጥር ማድረግ፣ የላይኛውን ክር ላላ ማድረግ፣ ከስፌቱ መስመር ከፍና ዝቅ ብሎ ሁለት ረድፍ መስፋት፣ በመጨረሻ የታችኛውን፣ የቦቢኑን ክር መሳብ። ሁለት ረድፍ የሚሆነው ለጥንካሬ ብቻ አይደለም። አንድ ረድፍ ከሆነ እጥፎቹ ይጋደማሉ፣ ሁለት ሲሆን ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቀላል ነገር ነው፣ ልዩነቱ ግን ከሩቅ ይታያል።

ታችኛው ላይ ነው ነገር የመጣው። የመጀመሪያዎቹ ስምንተኛዎች ደህና ሄዱ፣ ቀጥሎ ክሩ መሐል ላይ ጧ! አለ። ተደገመ፣ ሌላው ጋ ተበጠሰ። ቦቢኑ ላይ የነበረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ የጥጥ ክር ነው። ጥጥ ክር ሲያረጅ ይበሰብሳል። በጣት ሳብ አድርጎ መሞከር ነው፣ ሳይለጠጥ ቶሎ ከተበጠሰ ለመጋረጃም አይሆን።

ልጅ ተስፋ ቆረጠች። አያቷ ናቸው የዳኙት። አያቲቱ ጥግ ይዘው ሰፌድ ይሰፋሉ፣ ከእጃቸው ወስፌ አይለይም።

"መኪናውን ተይው። በእጅሽ ወስውሺው" አሉ።

"አንቱ ደግሞ እማማ፣ ሦስት ሜትር በእጅ ይወሰወሳል?"

"የአገር ቀሚሱ ሁሉ ሽንሽኑ በምን የተወሰወሰ መሰለሽ? በመብራት?"

ድርብ ፖሊስተር ክር፣ ነጭ። ጨርቁ ብርቱካናማ ስለሆነ ነጩ በኋላ ሲነቀል ይታያል። እያንዳንዱ ስምንተኛ ራሱን የቻለ ክር፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ። ስፌቱ ግማሽ ሳንቲም ግማሽ ሳንቲም፣ ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ትይዩ፣ መርፌዋ አንዱ ጋ የገባችበት ላይ ሌላውም ይገባል። ቡናው ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቁራጩ ለሦስት ሴቶች ጭን ላይ ተዘረጋ። አቦሉ ሳያልቅ የመጀመሪያው ረድፍ ተገባደደ፣ በረካው ላይ ሁለተኛው። በመኪና ቢሆን ይፈጥን ነበር? ክሩ ደህና ቢሆን አዎ። ግን በእጅ የተወሰወሰው እጥፍ የበለጠ እኩል ሆኖ ወጣ፣ ይኼን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። መኪና ያላችሁ ሰዎች አዲስ ፖሊስተር ክር ቦቢን ላይ ጠምጥሙና በመኪና ሂዱ፣ የሌላችሁ ግን ሽንሽን አይቅርባችሁ።

ወስፌው

ሁለቱን እርከን አንድ ላይ መስፋት ሽንሽን የሚሰበርበት ቦታ ነው። ፊት ለፊት ተገጥመው፣ በስፒል ተይዘው፣ የተሸነሸነው ወደ ላይ ሆኖ መኪናው ሥር ይገባል። ወደ ላይ የሚሆነው ለማየት ነው፤ ታች ቢሆን እጥፉ ተጣጥፎ እንደተሰፋ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። ግን ላይም ሆኖ የመኪናው እግር እጥፎቹን ወደፊት ይገፋቸዋል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባል። ጣት እዚያ ድረስ ማስጠጋት ደግሞ ከመርፌ ጋር መጫወት ነው።

አያት ወስፌያቸውን ሰጡ። ይኼን ያኔ ያየ ሁሉ እስካሁን ያወራዋል። እናት በግራ እጇ ጨርቁን ትመራለች፣ በቀኝ እጇ በወስፌው ጫፍ ከመኪናው እግር ፊት ያለውን እጥፍ እየነካች፣ ቀጥ እያደረገች፣ አንድ በአንድ ታስገባዋለች። እግሯ መርገጫው ላይ ቀስ ይላል፣ መርፌዋ ሦስት አራት ጊዜ ወርዳ ትቆማለች፣ ወስፌው ቀጣዩን እጥፍ ይይዛል። በእግር የሚረገጥ መኪና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ሲነካ ይሮጣል፣ ይቺ ግን አንድ ስፌት በይ ስትሏት አንድ ትሰፋለች። ወስፌ ለሰፌድ ነው፣ አክርማ ማስገቢያ ነው፤ ለሽንሽን እንዲህ የተሠራለት የሚመስል ሌላ መሣሪያ ግን እኔ አላየሁም። ጫፉ ግን ለስላሳ ይሁን፣ ሸካራ ከሆነ ክር ይመዛል።

ስፌቱ ካለቀ በኋላ ከታች የነበረው ነጭ ክር ተመዘዘ። ፖፕሊን ላይ የመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ይታያል፣ ውሃ ነክቶ ሲተኮስ ይጠፋል።

የውስጡ ጫፍ እንዳይተረተር ምን ይደረግ? ኦቨርሎክ ያለው ጋ ወስዶ ማስጨረስ ይቻላል፣ ግን ሰፊዎቹ በአረፋ ዋዜማ ምን ላይ እንዳሉ ተናግሬያለሁ። እናት የተሸነሸነውን ጫፍ ወደ 7 ሚሊ ቆረጠችው፣ ዝርጉን ጫፍ አጥፋ አለበሰችውና በላዩ ሰፋችው። ውስጡ ሲገለበጥ እንደ ገበር ንጹሕ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ይወፍራልም ትንሽ። ከባድ ጨርቅ ላይ አልመክረውም፣ ፖፕሊን ላይ ግን ጥሩ ነው።

ካውያው የከሰል ነበር። ሽንሽን ላይ ካውያ ተዘርግቶ አይጣልም፣ የተደከመበት ሁሉ ይተኛል። ስፌቱ ወደ ላይ ተደርጎ በካውያው ጫፍ ብቻ እስከ ስፌቱ ድረስ ይነካል፣ እዚያ ይቆማል። አመድ እንዳይረግፍ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ላይ አንዴ መሞከር።

ወገብ

ላስቲኩ ወርዱ 3 ሳንቲም ነው። ቀጭን ላስቲክ ለዚህ ጉርድ አይሆንም። ጨርቁ በጠቅላላ ሦስት መቶ ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ክብደት ታች ነው፣ ስትራመድ ወደ ታች ይጎትታል። ስልክ ኪስ ሲገባ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ወገቧ 70 ስለሆነ ላስቲኩ ተሰፍቶ ሲያልቅ 64 እንዲሆን ተቆረጠ፣ 2 ሳንቲም ለመደራረቢያ ተጨምሮ 66። በመርፌ ቁልፍ ጫፉ ተይዞ በላስቲኩ ቤት ውስጥ ዞረ።

ከመዘጋቱ በፊት ግን ጉርዱ አንድ ሌሊት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አደረ፣ ጠዋት ልጅ ለካችው። ፊቱ ልክ ነው፣ ኋላው ከፍ አለ። አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል። ይኼ የስፌት ጥፋት አይደለም። መቀመጫ ጨርቅ ይበላል፣ ስለዚህ ጉርድ ሁሉ ኋላው ያጥራል። ጠርዙ አስቀድሞ ስለተሰፋ የሚስተካከለው ከወገብ ነው። ፊት ለፊት ላይ እጥፋቱ በ1.5 ሳንቲም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን እየቀጠነ ሄዶ ኋላ ላይ ዜሮ ሆነ። ትርፉ ተቆረጠ። ፊቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ዙሪያው እኩል ሆነ፣ ቁመቱም አንድ ሳንቲም ተኩል ተሰዋ። ሰፊ ቤት ብዙዎቹ ይኼን አይለኩትም፣ ስለዚህ ኋላው ያጠረ ጉርድ ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

አረፋ ላይ ለበሰችው። ዳሌዋ ላይ ተኝቶ ወርዶ ከጉልበቷ በታች ይከፈታል። እናት የፈራችው ጎማ አልመጣም። ልጅ የፈለገችው ንፋት ከወገቧ ባይጀምርም ስትዞር ታች ላይ አገኘችው። ደረጃ ስትወርድ ጠርዙ እየቀደማት ነበር። ከተረፈው 11 ሳንቲም ቁራጭ የፀጉር ማሰሪያ ሠራችበት፣ እሱም ተሸንሽኖ።

ከዚያ በኋላ

ከታጠበ በኋላ አንድ ነገር ወጣ፤ ላስቲኩ ቤቱ ውስጥ ይጠማዘዛል። ቤቱ ለላስቲኩ ጥቂት ስለሰፋ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ላስቲኩ ተስተካክሎ በጎኑ ስፌት ላይና ከሱ ትይዩ ባለው ጎን ቀጥ ብሎ ወደ ታች አንድ አንድ መስመር ይሰፋል፣ ከዚያ አይዞርም። ውስጡ የተለበሰው ጫፍ ግን አልተተረተረም፣ ቀለሙም አልለቀቀም።

አሁን ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቷ ልጅ ያንኑ ጉርድ ለሠርግ እፈልጋለሁ ብላለች፣ ግን በሺፎን። ሞዴሉ አንድ ይሁን እንጂ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። ሺፎን ስስ ስለሆነ እጥፍ ብቻ ተደርጎ ሲሸነሸን ሽንሽኑ የሞላ አይመስልም፣ ታችኛው ቢያንስ ሁለት ተኩል እጥፍ ይፈልጋል። 168ቱ 420 ይሆናል፣ ወርዱ 1.50 ከሆነ ሦስት ወርድ። ሦስቱ 450 ይመጣሉ፣ ስፌት 9 በልቶም 441 ይተርፋል፣ እሱን ሙሉውን መጠቀም ነው። መርፌው መቅጠን አለበት፣ 70 ቁጥር። የመወስወሻው ሁለት ረድፍ ደግሞ ሁለቱም ለስፌት በተተወው ጫፍ ውስጥ ይሁኑ፣ ስስ ጨርቅ ላይ የመርፌ ቀዳዳ በካውያ ላይጠፋ ይችላል። በመቅደድ ፋንታ መቀስ፣ ከሥሩ ወረቀት ተነጥፎ እንዳይንሸራተት። ገበርም ያስፈልገዋል፣ ገበሩ ግን መሸንሸን የለበትም፣ ወርዱ ከላይኛው እርከን ጋር እኩል ሆኖ ቀጥ ብሎ እስከ ጉልበት በታች ቢወርድ ይበቃል፣ ለመራመጃ ጎኑ ላይ መሰንጠቅ ነው።

ይኼን ለእናት ነግሬያታለሁ። እሷ ገበሩ እስከ ታች ይውረድ ባይ ናት፣ ሠርግ ነው፣ ሰው ያያል ትላለች። ልጆቹ እስከ ጉልበት ይሁን ይላሉ። ጨርቁ ገና አልተገዛም።